ሦስት ጣት እንጨት

ጥላው ከባቡሩ ግንብ ሳይሸሽ፣ በማለዳ፣
ኢፍቱ አብዶሽ መጣች ከቢዮ አዋሌ፣
በጆንያ ጠቅልላ የሟች ባሏን ዕዳ።
ከመላጊያዬ ጎን አጋደመችው በዝግታ፣
እንደታመመ ዘመድ፣ ገመዱን ፈትታ።

ባለ ሁለት አፍ ነው። ፈቃዱ በላስቲክ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል።
ብረቱ ደህና ነው፤
እንጨቱ ግን ሄዶ ጥቁር ፕላስቲክ ተተክሏል፤
እጀታው እንደ ሽጉጥ ወደ ታች የተቆለመመ፣
ለሚያየው ያማረ፣ ለያዘው የታመመ።

«ወንድሜ ነው» አለች፣ «ከታይዋን ገዝቶ፣
ሁለት ቀን ሞርዶ፣ በቡሎን አጥብቆ፣ በሥራው ተመክቶ።
የዩያ ሰደፍ ረዘመብኝ ብለው ጊዜ።»

«ያዢው» አልኳት። ያዘች። በግራ።
ፈገግ አልኩ፤ በሐረርጌ ምድር «ግራኝ» ተብሎ ሲጠራ
ቃሉ ብቻውን አይመጣም፣ ታሪክ ነው የሚያስከትለው፤
የኢፍቱ ግራ ግን ማሽላ ነው የሚጠብቀው።

እጇን አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማላውቀው ጀርባ
የፉርጎ ወንበር ጠርቤ፣
ሰው በመዳፉ በኩል ነው ልቤ የሚገባ።

መጠበቂያዋ ከላይ ናት፣ ከብረቱ አንገት ላይ፣
የባቄላ ፍሬ የምታህል፣
ለግራም ለቀኝም የማታዳላ፣ በአውራ ጣት የምትታይ።
ቀጥ ባለ ሰደፍ ላይ ጣት ሄዶ ያገኛታል፣
ደጋግመው እንደገቡበት የጓዳ በር በጨለማም ያውቃታል።
ይህ ጥቁር እጀታ ግን መዳፏን ወደ ታች ጎትቶ
አውራ ጣቷን አሳጠረው፤
ልትነካት ስትንጠራራ ጭብጧ ይላላል፤
ጭብጧን ስታጠብቅ ጣቷ ይቀራል ባዶውን ተዘርግቶ።

«ታዲያ ማታ፣ ከርከሮው ሲመጣ?»
ዝም አለች። ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ አቧራው በበሩ ገባና ወጣ።
«ከፍቼው ነው የማድረው» አለች፣ «ስለራቀብኝ።
ልጆቹ ማማው ላይ ከጎኔ ይተኛሉ፤ እንቅልፍ ሲይዘኝ
ምላጩን በጨርቅ እጠቀልላለሁ።»

በጨርቅ!

መጋዜን አስቀመጥኩ። መቆጣት ፈለግሁ፤
ግን ማንን? ጣቷ ያጠረው በጥፋቷ እንዳልሆነ አየሁ።
የራቀ መጠበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል፤
ሰው አይደለም የሚሰንፈው፣ እጅ ቅርቡን ይመርጣል።

«የዩያው ሰደፍ የት አለ?»
ከጆንያው ግርጌ አወጣችው፤ ለካስ ያልተጣለ።
ቀጥ ያለ፣ ቀይ ዳማ፤ ጉንጩ ያርፍበት የነበረው ቦታ
በጢሙና በላቡ ወዝቶ ያበራል፣ እንደተወለወለ ገበታ።

ከክርኗ እጥፋት እስከ ጣቷ ለካሁ፣
በእርሳስ ምልክት አኖርኩ፣
«ሦስት ጣት ይቆረጣል» ብዬ ዓይኗን ጠበቅሁ።
«ቁረጠው» አለች። መጋዙ እንጨቱን ሲበላ ግን
ወደ ደቻቱ ዞረች፤
ውኃ የለም፣ አሸዋ ነው፣ አንድ ግመል ከነጥላ።

ለቀኝ የዘመመውን ጎን ላግሁት፣ ለግራ ጉንጭ እንዲመቻት፤
የተልባ ዘይት ቀባሁ፤ ከሰዓት ሲደርቅ፣
ሁለቱም አፍ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቼ ሰጠኋት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ወደ ትከሻሽ አምጪው። አሁን ግለጪ።»
ገለጠች።
«ጫፉ ላይ ያለችውን ነጥብ ታያለሽ?»
«ፊት ለፊቴ» አለች።
አውራ ጣቷ ሳትጠራው ሄደ፤
ጠቅ፣ ከፈተ። ጠቅ፣ ዘጋ። ጠቅ። ጠቅ።
አሥሬ ተመላለሰ፣ ለመደ።

ዋጋዬን ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረች፤
አንድ እግሯን ከበሩ አውጥታ ተመለሰች።
ከመጋዙ ዱቄት ውስጥ ቁራጯን አንስታ
እፍ አለችባት፤ በጣቷ ለካቻት፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ፈዝዛ ለአፍታ።
«የሱ ክንድ ከኔ የሚበልጠው ይህችን ነው?»
«ይህችን ነው።»
«ብዙ ይመስለኝ ነበር።»

አልጋው ያነክሳል፣ ለእግሩ ትሆናለች ብላ ወሰደቻት።
ጥቁሩን እጀታ ትታልኝ ሄደች፤
ነፋስ በሬን እንዳይዘጋው እስካሁን የማስደግፈው በሱ ነው።
ለበር ጥሩ ነው።